መርዶሽን ያረዱኝ ሚኒስትር

እማዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየሽኝ ይኸው አርባሽ ትናንት ወጣ። ልጽፍልሽ ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ እንደ ሰው ልጅ ናፍቆቴን ብቻ ልነግርሽ። ትናንት የሰማሁት ግን ሐሳቤን ሁሉ ገለበጠው። ምነው እማዬ? ምነው እንዲህ አደረግሽኝ?

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ዜባህ፣ የዙሪኩ ሰፈሬ፣ ያው ዜባህ ነው። ልትጠይቂኝ ስትመጪ የትራሙ ድምፅ ያማርርሽ ስለነበር አልጋሽን ወደ ውስጥ አዙሬዋለሁ፤ አሁን ማን ሊተኛበት እንደሆነ እንጃ። የሙያ ሥልጠናዬን፣ ሌሬውን፣ ጨርሻለሁ። ኡስተር ከተማ ያለ የአረጋውያን ቤት ቀጥሮኝ ጠዋት ጠዋት በባቡር እመላለሳለሁ። አሮጊቶቹን ሳጥብ አንጎራጉራለሁ። አንቺ ብትሰሚኝ ድምፅሽ ዘይት ያጣ በር ነው ትይኝ ነበር፤ እነሱ ግን አይሰሙም መሰለኝ ይስቁልኛል።

አሁን ወደ ሰውዬሽ ልምጣ። ጄኔቭ ቤታቸውን ስትይዢላቸው የኖርሽው ያ ስፔናዊ ሽማግሌ። ሥልጣን ከለቀቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ አንቺ ግን አንዴ የተሾመ ሰው ማዕረጉ አይሻርም ብለሽ እስከ መጨረሻው «ሚኒስትሩ» እንዳልሽ ቀረሽ። እሑድ እሑድ ስትደውዪ ከራስሽ ወሬ የእሳቸው ይበዛ ነበር። በወጣትነታቸው በሠራተኛ ማኅበር ሰበብ መታሰራቸው፣ ከሶሻሊስቶቹ ጋር ፓርላማ መግባታቸው፣ ከዚያ የሥራ ሚኒስትር መሆናቸው፣ ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ። የገዛ ጓደኞቻቸው አድማ የመቱባቸውን ሕግ እሳቸው በዝግ ስብሰባ ሲቃወሙት ኖረው፣ ሲወሰን ግን የኔ ነው ብለው ተሸክመውት ወረዱ አልሽኝ። አደባባይ ላይ ከሃዲ ሲባሉ አንዲት ቃል አልመለሱም። እኔ ሞኝ ናቸው፣ ዝምታ ለበግም አልበጃት ብዬ ስስቅ አንቺ ሆድ ካገር ይሰፋል ብለሽ አፌን አስያዝሽኝ። አንቺን ደግሞ ከሁሉ የገረመሽ ሚኒስትር ሲሻር ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳይታሰር፣ ዕቃውን በካርቶን ይዞ በአውቶቡስ ቤቱ መግባቱ ነበር። ከምርጫ ዘጠና ሰባት በኋላ ወንድምሽን ከቤቱ ሲወስዱት ቆመሽ ስላየሽ አልፈርድብሽም።

ያቺን ቅዳሜ ታዲያ ልንገርሽ። ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻ ፈተናዬን ተፈትኜ ስወጣ በስልክሽ የድምፅ መልእክት ልኬልሽ ነበር። እየሳቅኩ፣ ትራም ላይ ሰው እስኪያፈጥብኝ እየጮህኩ፣ ልጅሽ ጉድ ሠራች ብዬ። ስላልመለስሽ ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። በማግስቱ ጠዋት የበሩ ደወል ጮኸ። ዙሪክ ደግሞ ሳይደውል የሚመጣ እንግዳ የለም። ስከፍት ሚኒስትሩ ጥቁር ከረባት አስረው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጓደኛሽ እትዬ ፀሐይና አንድ የቤተ ክርስቲያን አዛውንት። ከጄኔቭ በመጀመሪያው ባቡር ነው የመጡት። ክው አልኩ። ማንም ምንም ሳይለኝ ገባኝ። እሳቸው ግን በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው ቁርስ በልተሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም፣ ለጦመኛ አይነገርም ብለሽ ያስተማርሻቸው አንቺ ነሽ። ነጩ ሰውዬ አንድ ሳያጓድሉ ፈጸሙት።

ለካ ሐሙስ ማታ ነው ሆስፒታል የገባሽው። ለካ አፍሽ እየተናገረ፣ ዓይንሽ እያየ ነው ያደርሽው! ዓርብ ቀትር ላይ ነው ያረፍሽው። ጄኔቭ እኮ በባቡር ሦስት ሰዓት አይሞላም፣ እማዬ! ይህን ስሰማ አበድኩ። ቀብርሽ ላይ እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ሰው ሁሉ እየሰማ በየትኛው ሥልጣንዎ ነው እናቴን የከለከሉኝ አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። የሥራ ባልደረቦቼም በስዊዝ አገር እንዲህ አይደረግም፣ ክሰሻቸው አሉኝ። ዝም ያለ ሰው ጥፋተኛ ነው ብዬ ደመደምኩ። አገራቸውም እንዲሁ ብሎ ነበር የደመደመው።

ትናንት አርባሽ ላይም መጡ። ጥግ ይዘው ተቀመጡ፤ እኔ ፊቴን አዞርኩባቸው። ይህን ጊዜ እትዬ ፀሐይ አልቻለችም፤ ክንዴን ይዛ ወጥ ቤት አስገባችኝና አፈረጠችው። ሐሙስ ማታ ሊደውሉልኝ ስልኩን አንስተው ነበር አለችኝ። እጃቸውን የያዝሽው አንቺ ነሽ አለችኝ። ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳይነግሯት ብለሽ፣ በእግዜር እንደማያምኑ ስለምታውቂ በእናታቸው አስማልሻቸው። ይባስ ብለሽ እኔ እንዳልኩ እንዳታውቅ፣ ትቀየመኛለች አልሽ። እሳቸውም ያንን ሁሉ ስድቤን ተሸከሙልሽ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። እትዬ ፀሐይ ውኃ ረጨችኝ። የማላውቃት ሴት የሞተችብኝ መሰለኝ።

ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልል ፈልጌ ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ፤ መልእክቴን ሰማችው ወይ አልኳቸው። እማዬ፣ ሰምታዋለች ቢሉኝ ማን ያውቅባቸው ነበር? ፖለቲከኛ አይደሉ? እሳቸው ግን የለም፣ አልደረሰላትም አሉኝ። እጄን ያዙኝና አብረን አለቀስን። ሰው ሲያየን አባትና ልጅ ሳንመስለው አልቀረንም።

እሳቸውን እጠይቃቸዋለሁ፤ ብቻቸውን ናቸው፣ ያስተማርሻቸውን ምስር ወጥም ያሳርራሉ። አንቺን ደግሞ እንዴት ብዬ እረሳሻለሁ? እወድሻለሁ። ተቀይሜሻለሁም። አንዱን ከሌላው መነጠል አልቻልኩም፤ በቁሜ እስካለሁ ድረስ ሁለቱንም ይዤ ነው የማስታውስሽ። ለኔ ብለሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ። ልጄ ብትማርልኝ፣ ልጄ ሰው ብትሆንልኝ ብለሽ ነው። ግን ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር።

ፈተናው እኮ በዓመቱ ይደገም ነበር፣ እማዬ።

ልጅሽ