ለዲቴክተሩ የሸመንኩት ልብስ

ውድ ጋሽ ጉልላት፣

ስልክ ደውዬ ነበር። ልጅዎ መሠረት ናት ያነሣችው፤ «አባባ አሁንማ ጨርሶ አይሰማም፣ ሙሌ፣ ጻፍለት» አለችኝ። እጄ ከመወርወሪያ በቀር ለምንም አይታዘዝም፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ ይታገሱኝ። የሐዋሳ ሙቀት ለጉልበትዎ ተስማምቶት ይሆን?

ጉለሌን ለቀው የሄዱ ዕለት ዲቴክተሩን፣ ያንን ብረት ፈላጊ መሣሪያዎን፣ በሁለት እጅዎ አንሥተው ሲሰጡኝ ያሉኝን አልረሳሁም። «የአፀደን መስቀል ሳላገኝ ሄድኩ። ይኼም አርጅቷል መሰለኝ፤ ብቻ ጠብቀው፣ ሞክርበት» አሉኝ። ባለቤትዎ እትዬ አፀደ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የጓሮውን ወይራ ሲተክሉ ከአንገታቸው የወደቀችውን የብር መስቀል ማለትዎ ነው። ካረፉ ወዲህ በጋ በመጣ ቁጥር ማዳመጫውን ጆሮዎ ላይ አድርገው ጓሮውን ሲያስሱ አይቻለሁ። ፈንጂ ሲያመክን የኖረ፣ ጡረታ ወጥቶም የሰፈሩን የተቀበረ የውሃ ቧንቧ ሁሉ ያገኘ ሰው አንዲት መስቀል ሲያቅተው ማየት ያሳዝነኝ ነበር።

ያዘዙኝን ሁሉ ፈጽሜያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ገመዱን ሳላጠብቅ እጠመጥማለሁ። ሥራ ከሌለው የባትሪ ድንጋዩን አወጣለሁ። ሰርኬ፣ ሚስት አይደለች፣ «እኔን እንዲህ በተንከባከብከኝ» እያለች ትስቅብኛለች።

ጥፋቴ የመጣው ክብር ስጨምርለት ነው። እንደዚያ ያለ ዕቃ ራቁቱን ጥግ ላይ ማቆም ነውር መሰለኝና ከታች ላለው ክብ ጭንቅላቱ ልብስ ሸመንኩለት። ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ታዝዤ የተረፈኝ ወርቃማ ክር ነበር፤ ጥለቱን በእሱ አደረግሁት። አምሮበት ነበር፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ጉድ ፈላ። ገና ስከፍተው ይጮኻል። ፍራሽ ላይ ይጮኻል፣ ወደ ሰማይ ባነሣውም ይጮኻል። የባትሪ ድንጋዩን ቀየርኩ፤ ሰዓቴንና ቀበቶዬን አወለቅሁ፤ እሱ እቴ! እርስዎ ዐሥራ ሁለት ዓመት የጠበቁትን እኔ በሦስት ወር ገደልኩት፣ መስቀሏም በዚያው ቀረች ብዬ፣ አልደብቅዎትም፣ አለቀስኩ።

በመጨረሻ ሰርኬ ከእንዝርቷ ቀና አለች።

«ያለበስከው ክር ምንድን ነው?»

«ወርቃማው ነዋ።»

«የሚያብለጨልጨውስ ምኑ ነው?»

ብረት ነው፣ ጋሼ! እንደ ፀጉር የቀጠነ ብረት ነው የተጠመጠመበት። የሽሮ ሜዳ ሽማኔ በክር ይሞኛል? ልብሱን ገፈፍኩት፤ ወዲያው ዝም አለ።

እንደዳነ ላረጋግጥ ብዬ ማዳመጫውን ነቅዬ ጓሮ ወጣሁ። መጀመሪያ ቆርኪ አገኘሁ፣ ቀጥሎ ዝገት የበላው ምስማር። ከወይራው ሥር በስተግራ ግን አንዲት ድምፅ ሰማሁ፤ ድር ሲበጠስ እንደሚሰማው ያለች፣ በጣም ቀጭን። መልሼ አሳለፍኩት፤ እዚያው ቦታ ደገመችው። ዕድሜዬን ሙሉ እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ የሸመንኩ ሰው ነኝ፤ ግማሽ አካሌ መሬት ውስጥ ኖሮ መሬት እንዲህ እንደሚናገር አላውቅም ነበር። ሳላስበው ተንበረከክሁ።

በእጄ ጫርኩ። ስንዝር ተኩል እንኳ ሳይሞላ የብር ጫፍ ብልጭ አለ፤ የጠቆረ የማተብ ክር አብሮት አለ።

ጋሼ፣ በዚያ ቦታ ላይ እርስዎ ስንቴ እንዳለፉ አውቃለሁ። መሣሪያው ያኔም ይነግርዎት ነበር፤ ያልሰማው ጆሮዎ ነው። ይህን መጻፍ ከበደኝ። ግን እርስዎ አርጅቷል አሉት፣ እኔ ሞተ አልኩት፤ ሁለታችንም ያለ ኃጢአቱ አማነው። በእርስዎ እጅ ተጠብቆ የኖረ ዕቃ ነውና ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላም እንዲህ ይሰማል። እኔ እስካሁን ይገርመኛል።

ሰርኬ «አውጣዋ!» ብላ ጮኸች። አላወጣኋትም። አፈሩን መልሼ አለበስኳት፤ ሰው እንዳይነካትም ሰርኬ ጎመን ተከለችበት። ከእኛ ከሁለታችንና አሁን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።

ለፋሲካ ይምጡ። መሠረት እምቢ ካለች እኔ ራሴ መጥቼ አመጣዎታለሁ። መሣሪያውን በዚያ ቦታ ላይ ሳሳልፍ መዳፍዎን ድምፁ የሚወጣበት ወንፊት ላይ ያሳርፋሉ። እኔ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ሞክሬዋለሁ፤ ድምፁ ሲመጣ ይንቀጠቀጣል፣ እጅ ይሰማዋል። ከዚያ ቆፍረው የሚያወጧት እርስዎ ነዎት።

እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ እጠርገዋለሁ፤ ራቁቱን እንደቆመ።

አክባሪዎ፣ ተከራይዎ
ሙሉቀን
ከጉለሌ፣ ከጓሮዎ