ታላቅ እህቷ አርፋለች

ውድ ቺዙሩ፣

«የእመቤት ታላቅ እህት አርፋለች» ሲባል የሰማሁት ትናንት ጠዋት፣ በደጁ ፍል ውሃ ውስጥ እስከ አንገቴ ተነክሬ ሳለሁ ነው። ታላቅ እህትሽ እኔ ነኝ፤ ሌላ የለሽም። ስለዚህ የራሴን መርዶ ራቁቴን ሰማሁ።

ከቀርከሃው አጥር ማዶ የወጥ ቤትሽ በር ነው። አስተናጋጅሽ ኪሚኤ ከዓሣ ሻጩ ጋር ትጨቃጨቅ ነበር።

«ዛሬ ሽሪምፕ አንወስድም፣ መልሰው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን በደልኩሽ? ገና እየተንፈራገጠ እኮ ነው!»

«ከፈለገ ይጨፍር። የእመቤት ታላቅ እህት አርፋለች።»

«እህ! መቼ?»

«ትናንት ከሰዓት።»

«ለሌሎቹ እንግዶች እንኳ ትንሽ…»

«ዘይቱ አንድ አይደል? ለማንም አይሆንም።»

«ወይ ጉድ! እመቤትስ እንዴት ሆነች?»

«ምን ትሆናለች፣ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ቆየች። ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ ብላናለች፤ አንተም ያን ጥሩምባ አፍህን ዝጋ።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሽሪምፕ የደስታ ምግብ ነው፤ ወገባችን እንደሱ እስኪጎብጥ ዕድሜ ይስጠን ተብሎ የሚበላ። ሐዘን ቤት አይቀርብም። ሞተች በተባለበት በዚያ ከሰዓት እኔ ከአውቶቡስ ወርጄ በርሽ ላይ ጫማዬን አወልቅ ነበር፤ ከጉልበቴ በቀር ያመመኝ ነገር አልነበረም። አንቺ ግን ገድለሽኛል። እንባም ጨምረሽበታል፤ ሥራሽን ሁልጊዜ በጥንቃቄ ነው የምትሠሪው።

ለምን እንደመጣሁ ልንገርሽ፤ ልበቀልሽ ነው። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት እናታችን የዚህን ማረፊያ ቤት የእመቤትነት መቀነት ከወገቧ ፈትታ በእኔ ፈንታ አንቺን አስታጠቀች። አንቺም «ለእትዬ ነው የሚገባው» አላልሽም፤ ወገብሽን ቀና አድርገሽ ቆምሽ። በሳምንቱ ሚዙናራ ማረፊያን ለቅቄ ወጣሁ። እናታችን ስትሞት ደብዳቤሽ የደረሰኝ አመዷ ከተቀበረ ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። እርግጥ ነው፣ ሳልነግርሽ ሦስት ጊዜ ቤት ቀይሬአለሁ። ግን የፈለገ ሰው ያገኛል። እናቴን ሳልሸኝ ቀረሁ፣ ቺዙሩ። ይህን ነው ይዤልሽ የመጣሁት።

ወይዘሮ ኦኩዳ ብዬ ክፍል ያዝኩ፤ ፀጉሬን ቀባሁ፤ ትልቅ መነጽር አደረግሁ። በሩ ላይ ግንባርሽን መሬት አስነክተሽ «እንኳን ደህና መጡ» አልሽኝ። ቀና ለማለት ቆየሽ፤ ወገብሽን ሳያምሽ አይቀርም አልኩ፤ ደስም አለኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት ሰውነቴን ሳልታጠብ ፍል ውሃሽ ውስጥ ዘልዬ ልገባና ላረክሰው ነበር። እጄ ግን እኔን ሳያማክር ሳሙናውን አነሳ። እናታችን ያሳደገችው እጅ ለበቀል አይሆንም።

መርዶዬን ከሰማሁ በኋላ የተሻለ ነገር አገኘሁ። በሕይወት ያለ ሰው ዩካታውን፣ ያን የእንግዳ የጥጥ ካባ፣ ሲለብስ የግራውን ጠርዝ ከላይ ያደርጋል። የቀኙን ከላይ የምናደርገው ለሬሳ ነው። ዛሬ ጠዋት የሰጣችሁኝን ዩካታ እንደ ሬሳ ለብሼ ቁርስ ወደሚበላበት አዳራሽ ገባሁ። ሃያ ያህል እንግዶች ነበሩ። ከአንድ ሽማግሌ እጅ የመብያ እንጨቶቹ ወደቁ።

«አትያት!» አለችው ሚስቱ። «ሾርባህን እይ!»

«ሴትዮዋ እኮ…»

«ሾርባህን እይ አልኩህ!»

ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር። «ሱሚኤ እባላለሁ፤ የዚህ ቤት ታላቅ ልጅ ነኝ። ትናንት ወዲያ ከሰዓት ሞቻለሁ። ቁርሴን አምጡልኝ።» እንዲያውም መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ። ሃያ ሰው ፊት አንገትሽን ላስደፋሽ አፌን ስከፍት አንቺ ከየት እንደመጣሽ ሳላይ እግሬ ሥር ተንበርክከሽ ነበር።

«ይፍቀዱልኝ፣ እመቤቴ» አልሽ ቀስ ብለሽ። «በልብዎ በኩል ያለው ነው ከላይ የሚሆነው።»

መቀነቴን ፈትተሽ፣ ግራውን በቀኙ ላይ አድርገሽ መልሰሽ አሰርሽልኝ። ቋጠሮው አልሆን ብሎሽ ሁለት ጊዜ አሰርሽው። ያቺን አባባል የፈጠርኳት እኔ ነኝ፤ አራት ዓመትሽ ነበር፣ ግራና ቀኝ አልለይ ብሎሽ «በልብሽ በኩል ያለው» ብዬ ያስተማርኩሽ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ስታድያት መኖርሽ አንጀቴን አሳረረው። ግን ንግግሬ ጠፋኝ።

«ሻይ» አልኩሽ።

የሠላሳ አንድ ዓመት ቂም ተጠራቅሞ፣ ተጨምቆ የወጣው ቃል ይሄ ነው። ሻዩም ጥሩ ነበር፤ ይህም ያናድዳል።

ስለዚህ በአፌ ያልቻልኩትን በወረቀት አደርገዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ትራሱ ላይ ትቼልሽ በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። ፍል ውሃሽ ይቀዝቅዝ። የወንዙ ድምፅ እንቅልፍ ይንሳሽ። መቀነቱ በወገብሽ ላይ ይክበድሽ። እኔን እንደሆን አትፈልጊኝ፤ ራስሽ እንዳወራሽው ሞቻለሁ።

የቀድሞ እህትሽ
ሱሚኤ

ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የእንግዶች አስተያየት መስጫ አነሳሁ። «በቆይታዎ የጎደለብዎት ነገር አለ?» ይላል። «እዚህ ካረፍኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ሽሪምፕ አልቀረበልኝም» ብዬ ጻፍኩና እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ሽሪምፕ የነካው ዘይት እንኳ ከቀመስኩ ጉሮሮዬ አብጦ ይዘጋል። ክፍሉን ስይዝ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዷ እናታችን ነበረች።