ከስልሳ በላይ ስለምትንቀጠቀጠው አዲስ መኪና ለአቶ ሚሳኤል የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሚሳኤል
መኪናዋን የሸጠልን ድርጅት የጥገና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎም እንደምን ሰንብተዋል? እኔ አምላክ ይክበር ይመስገን፣ መኪናዋ እስከቆመች ድረስ ደህና ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው፤ በሰው አስጽፍ ብባልም እምቢ ብዬ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁና አጻጻፌ ቢያነክስ ይቅር ይበሉኝ።

ጉዳዩን እርስዎ ያውቁታል፤ አራት ጊዜ ደጅ ጠንቻለሁ። ለማያውቀው አንባቢ ግን ልንገረው። ባለቤቴ ፀሐይወርቅ ካረፈች ወዲህ ያለችኝ አንዲት ልጄ ሚካል ናት። ከእናንተ በገዛናት አዲስ ሚኒባስ አሥራ አንድ ሕፃናትን ከጀሞ መካኒሳ አቦ ድረስ ትምህርት ቤት ታመላልሳለች። መኪናዋ ቀስ ብላ ስትሄድ ሙሽራ ናት። ስልሳ ስታልፍ ግን መሪዋ እጅ ላይ ይንዘፈዘፋል፣ ወለሉ እግር ያደነዝዛል፣ የልጆቹ ምሳ ዕቃ ይንኳኳል። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. መኪናዋን በግቢያችሁ ውስጥ ስለሞከራችሁልኝ አመሰግናለሁ። ከበሩ እስከ ዛፉ መቶ እርምጃ ነው። ያለ ፈቃድ ወረቀት መኪና ከግቢ አይወጣም የሚል ደንብ አላችሁ፤ ፈቃዱን የሚፈርሙት ደግሞ እርስዎ ነዎት፣ እርስዎም ስብሰባ ላይ ነዎት። ስለዚህ ባለሙያዎችዎ አራቱንም ጊዜ ከበሩ እስከ ዛፉ፣ ከዛፉ እስከ በሩ ነድተው «ችግር አልተገኘባትም» ብለው ጻፉ። እውነታቸውን ነው። በመቶ እርምጃ ስልሳ አይደረስም፤ ከዚያስ በእግሬም እፈጥናለሁ።

2. ባለሙያዎ ዳዲ «አባባ፣ የሚንቀጠቀጠው የእርስዎ እጅ እንዳይሆን» ብሎ ስለ ጤናዬ ስለተጨነቀ አመሰግናለሁ። በዚህ እጅ ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ልጁን አልተቆጣሁትም፤ ስወጣ በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ዘጋሁት እንጂ።

3. ኮምፒውተራችሁም ጤነኛ ናት ብሏል። ኮምፒውተር ልጅ የለውም።

4. መኪናዋን ስትመልሱልኝ «ያለ አንዳች ጉድለት ተረክቤያለሁ» የሚለውን ወረቀት ፈርም ብላችሁ ስላቀረባችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ ግን አልፈርምም። ቀስ ብዬም ቢሆን ማንበብ እችላለሁ።

አምስተኛው ምስጋና አይደለም፤ ፈርቻለሁ። ድሮ የባልደረባዬ የሮበሌ መኪና መሪዋ እንዲሁ ሲንዘፈዘፍበት ጋራዥ አስገባት፤ ምንም የለባትም ብለው መለሱለት። በሦስተኛው ቀን ከኋላው ስነዳ የፊት ጎማዋ ተነቅሎ መኪናዋን ቀድሞ ቁልቁል ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። የሮበሌን አስከሬን ከገደሉ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሚካልም መሪ መንዘፍዘፍ ከጀመረ ወዲህ ጠዋት ወጥታ ደርሻለሁ ብላ እስክትደውል ድረስ ስልኬን ከእጄ አላወርድም ነበር። ሐሙስ ዕለት ጆኒ የሚባለው ሕፃን መንቀጥቀጡን እንደ ጨዋታ ወዶት «ጨምሪ፣ ጨምሪ» ይለኛል ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ተነስቼ ቁልፉን ወሰድኩባት።

ልጄ ከዚያ ወዲህ አኩርፋኛለች። ይህን ደብዳቤ ወላጆቹ ካነበቡት ማንም ልጁን ለእሷ እንደማይሰጥ ነግራኛለች፤ ልክ ናት። የልጄን እንጀራ በገዛ እጄ መቁረጤ ነው። ጎማው እስኪቆርጠው ከምጠብቅ ግን እኔ ልቁረጠው ብያለሁ።

ክብርዎን ከፍ፣ ዕድሜዎን ረዘም ያድርግልዎ፤ ስልክዎንም አንድ ቀን ያነሱ ዘንድ ልብዎን ያራራልን እያልኩ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎና ታጋሽ ደንበኛዎ
አስረስ ሞልቱ፣ ከጀሞ

ግልባጭ፦
ለአሥራ አንዱም ሕፃናት ወላጆች፣ በየበራቸው

ማስታወሻ፦ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መኪናዋን ቀስ አድርጌ ነድቼ በርዎ ላይ እቆማለሁ። አሥራ አንዱም ወንበር ባዶ ነው። እርስዎም ለትምህርት የደረሱ ልጆች እንዳሉዎት ሰምቻለሁ፤ ይዘዋቸው ይምጡና እርስዎ ራስዎ እየነዱ በቀለበት መንገዱ ያድርሷቸው። ችግር ስላልተገኘባት መቼም አይሰጉም።