በሞቴ የማይሉበት አገር

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ልብስ አጠብኩ። ነጩ ሸሚዜ ሮዝ ሆኖ ወጣ። ቀይ ፎጣ አብሮ ገብቶ ኖሯል… ባለቤቴ መንበረ በሕይወት ብትኖር ሦስት ቀን ትስቅብኝ ነበር። ለብሼው ዶናት ቤት ሄድኩ። አክሊሉ አየኝና «አማረብህ፣ የሰርግ ነው?» አለ። ሆን ብዬ የገዛሁት ነው አልኩት።

አክሊሉ በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥቶ፣ ፕሮፌሰር ሆኖ ጡረታ ወጣ። እኔ ሠላሳ ዓመት በከባድ መኪና ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ጎትቼ ጡረታ ወጣሁ። እሱ ያወራል፣ እኔ ዶናት እበላለሁ። ሥራ ተከፋፍለናል።

ከሰዓት ልጄ ሔርሜላ ደወለች፣ ከሳን ሆዜ። ሁልጊዜ ከሥራ ስትመለስ መኪና ውስጥ ሆና ነው የምትደውለው። ቤቱን ልትለቅ ነው። «ሁለት መኝታ ለብቻዬ ምን ያደርግልኛል?» አለች። ዩኒየን ሲቲ ባለ አንድ መኝታ አይታለች። እስከ ሜይ መጨረሻ ለአከራይዋ እለቃለሁ የሚል ኖቲስ መስጠት አለባት።

«ጥሩ ነው» አልኳት።

ጥሩ ነው?! ሁለተኛው መኝታ እኮ የኔ ነበር። መንበረ ያረፈች ጊዜ፣ አርባዋ እንዳለፈ «አባዬ፣ ለምን እኔ ጋ መጥተህ አትኖርም?» አለችኝ። «ተይው፣ አላስቸግርሽም» አልኳት። «ኦኬ» አለች። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ደግማ እስክትጠይቀኝ እጠብቃለሁ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣች።

«አባዬ፣ አብራኝ ልትጓዝ የነበረችው ጓደኛዬ ናዝሬት ካንስል አደረገች። ስፔን ከኔ ጋር ትመጣለህ? ትልልቆቹ ከተሞች አይደሉም። ቱሪስት የማያውቃቸው ትንንሽ ከተሞች ናቸው።»

«ኧረ ተይው ልጄ። እኔ ሽማግሌው ስፔን ምን ልሠራ?»

«ኦኬ አባዬ።»

ዘጋችው። ሰው አንድ ጊዜ ጠይቆ ይተዋል? በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ… ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ሚያዝያ 21

አልደወለችም።

ሚያዝያ 22

ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን? አክሊሉን እስቲ ደውልልኝ አልኩት። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ደወለ። ጠራ። አነሳሁት።

«ሄሎ» አለኝ።

«ይሠራል» ብዬ ዘጋሁበት።

ሚያዝያ 24

እኔው ደወልኩ። ምን ላድርግ?

«ፓስፖርቴ ኤክስፓየር አድርጎ ይሆን ብዬ ነው።»

«አንተ ጋ እኮ ነው ያለው። ገልጠህ እየው።»

«መነጽሬ ጠፋብኝ።» መነጽሩ አፍንጫዬ ላይ ነበር።

«አባዬ፣ መሄድ ትፈልጋለህ?»

«እንግዲህ ብቻሽን ከምትሄጂ…»

«ኢዝ ዛት የስ?»

«ሻንጣ የሚሸከምልሽ ሰው ያስፈልግሻል።»

«ጉልበቱን የሚያመው ማን ሆነና!» ሳቀች። ቲኬቱን ቆረጠች።

አዎ የምትለዋ ቃል ከአፌ ሳትወጣ ስፔን ልሄድ ነው። ኮራሁ። የሚያኮራ ነገር ባይሆንም።

ሚያዝያ 27

ለአክሊሉ ነገርኩት። ቅናት ከፊቱ ላይ ፈለግኩ፣ አጣሁ።

«ስፔን ሄደህ ባርሴሎናን ሳታይ ልትመለስ? የት የት ነው የምትሄደው?»

ወረቀት ላይ ገልብጬው ነበር። አነበብኩለት። ሲ… ጉ… ዌንዛ። አል… ባ… ራሲን።

«ይሄ የከተማ ስም ነው ወይስ ሐኪም ያዘዘልህ መድኃኒት?»

ዶናት ቤት ያለው አበሻ ሁሉ ሳቀ።

«አንተ የሄድክበት ሁሉም ሰው ሄዷል። እኔ ማንም ያልሄደበት ነው የምሄደው» አልኩት።

በሆዴ ግን… ማንም ያልሄደበት በምክንያት ቢሆንስ?

ግንቦት 11፣ ሲጉዌንዛ

ከማድሪድ በኪራይ መኪና መጣን። እሷ ነዳች። ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጥኩ ሰውዬ ተሳፋሪ ሆንኩ። እግሬ አላርፍ አለ።

«አባዬ፣ ፍሬን አንተ ጋ የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትረግጣለህ?»

ከተማዋ ዳገት ላይ ናት። ከላይ ግንብ፣ ከታች ትልቅ ቤተ ክርስቲያን። ውስጡ አንድ የድንጋይ ሰው አለ። ወጣት ወታደር ነበር አሉ፣ ጦር ሜዳ የሞተ። መቃብሩ ላይ ግን እንደ ሙት አልተዘረጋም። ክርኑን ተደግፎ፣ እግሩን አጣምሮ፣ መጽሐፍ ያነባል። አምስት መቶ ዓመት! ሔርሜላ ከስልኳ ላይ ታሪኩን ነገረችኝ።

አፈርኩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ ጺም አውጥቼ። ደብዳቤ መንበረ ነበረች የምትጽፍልኝ፣ ፎርም እሷ ነበረች የምትሞላልኝ። ይህን ደብተርም የጀመርኩት እሷ ካረፈች ወዲህ ነው። ልጁ ሞቶም ያነባል፣ እኔ ቆሜ እየሄድኩ አንድ ገጽ ለመጻፍ ምላሴን እነክሳለሁ።

«ምን እያሰብክ ነው አባዬ?»

«ገጹን አይገልጥም» አልኳት።

ከሰዓት ከተማው ጭር አለ። ሱቁ ሁሉ ተዘጋ። ሰው ሞቶባቸው ለቀብር የወጡ መሰለኝ። ለካ ተኝተዋል። በጠራራ ፀሐይ፣ አገር በሙሉ! ይህን ሕዝብ ወደድኩት።

ግንቦት 12፣ መንገድ ላይ

ሞሊና የምትባል ከተማ ቆምን። ከላይዋ ግዙፍ ግንብ፣ ከሥሯ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሔርሜላ ፎቶ ልታነሳ ወጣች። እኔ ታች ቀረሁ፣ ለጉልበቴ።

ሦስት ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ጠጋ አለና ክፍቱን ቦታ በመዳፉ መታ መታ አደረገልኝ። ተቀመጥ ማለቱ ነው። እምቢ ልል ፈለግኩ፣ ቋንቋ አጣሁ። ተቀመጥኩ።

«ኢትዮጵያ» አልኩ ደረቴን ነክቼ። ባለ ኮፍያው በሁለት ጣቱ ጭኑ ላይ ሩጫ አሳየ። ከዚያ ጉልበቴን አየ። ጣቶቹን አቆማቸው። አራታችንም ሳቅን።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም ምንም አላለም። አክሊሉ እዚህ ቢመጣ ይሞታል።

ግንቦት 13፣ አልባራሲን

ቤቶቹ ሮዝ ናቸው። አፈሩ ነው አሉ። ሸሚዜን ለብሼ ስወጣ ከግድግዳው አልለይም። መንገዱ ጠባብ፣ ጣሪያው ከላይ ከጎረቤቱ ጣሪያ ሊሳሳም ደርሷል። አሮጌ የከተማ ቅጥር ተራራውን ቀጥ ብሎ ይወጣል። እስከ መጀመሪያው ድንጋይ ድረስ ወጣሁ። ሔርሜላ በደንብ አድርጋ ስላነሳችኝ ጫፍ የደረስኩ እመስላለሁ። ለአክሊሉ ላክሁለት።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ፓስኩዋላ ትባላለች። የኔ እኩያ ትሆናለች፣ ባሏ የሞተባት። ግርማቸው ማለት አቃታት። «ሂርማቹ» አለችኝ። ይሁን።

ምሳ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚበሉት! እስከዚያ ሆዴ ከኔ ጋር ተጣልቷል። ዘጠኝ ሲሆን የበግ ጥብስ ይዛ መጣች። ያ ሽታ… በዓለ ሃምሳ ነው፣ ጾም የለ፣ ምክንያት የለ። እኔ ግን እንደ ጨዋ ሰው እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ግራሲያስ፣ ኖ» አልኳት።

እሺ ብላ ሰሃኑን አንስታ ሄደች።

ሄደች! በጉን እስከ ወጥ ቤቱ በር በዓይኔ ሸኘሁት።

ሔርሜላ እየበላች «ሆድህን አሞህ ነው አባዬ?» አለች።

«አዎ» አልኳት። ለውሸት ሲሆን እንዴት ፈጥና ትመጣለች ይቺ አዎ።

ግንቦት 14

ዛሬ እሺ እላለሁ ብዬ ነበር ለቁርስ የወረድኩት። ፓስኩዋላ ድንች ያለበት የእንቁላል ጥብስ ይዛ ብቅ አለች። አፌ ቀደመኝ። «ኖ፣ ኖ።» ወሰደችው።

ሔርሜላ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ሹልክ ብዬ ዳቦ ቤት ሄድኩ። በጣቴ አሳየሁ። ሦስት። ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሁለተኛውን ስገምጥ ከላዬ ቆማለች።

«አባዬ! ሆድህን ያምህ የለም?»

«ተሽሎኛል።»

«ታዲያ ቁርሱን ለምን ኖ አልክ?»

«ትለምነኛለች ብዬ ነዋ!» ድምፄ ከፍ አለ፣ መንገደኛው ዞረ። «አንድ ጊዜ ኖ ያለ ሰው ኖ ማለቱ ነው እንዴ? ጨዋ ሰው ገና ሲጠይቁት ዘሎ እሺ ይላል? እናትሽ ብትሆን ሦስቴ ሳትል ሰሃን ታነሳ ነበር?»

ሳቀች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ… ሳን ሆዜ ና ያልኩህስ ጊዜ?»

የገመጥኩትን ዳቦ ወደ ወረቀቱ መለስኩት።

«ያኔም እንደዚህ ነበር?»

አዎ በል! አዎ በል አንተ ሰውዬ…

«እሱ ሌላ ነው» አልኳት።

«ኦኬ» አለች። ሦስተኛውን ዳቦ አንስታ በላች።

ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ምን ስማር ኖርኩ?

ግንቦት 15

በፓስኩዋላ ላይ ተለማመድኩ።

ምሳ ይዛ መጣች። «ሲ» አልኳት። ወጣች! ላባ ናት፣ አትከብድም። በልጅነቴ ሲ አልክ ብሎ የቆነጠጠኝ ሰው ስለሌለ ይሆናል። ሾርባ፣ ሲ። በግ፣ ሲ። ወይን፣ ሲ ሲ። ፓስኩዋላ «ሂርማቹ!» ብላ ትከሻዬን በቡጢ ነረተችኝ። ሔርሜላ ቪዲዮ አነሳች።

በኋላ መታጠቢያ ቤት በሩን ዘግቼ አማርኛውን ሞከርኩት። አዎ። አዎ ልጄ። እመጣለሁ። መስታወት ውስጥ ያለው ሽማግሌ አንድም አላመነኝ።

ሜይ ሊያልቅ ስምንት ቀን ቀረው። እሷ እንደሁ ከትናንት ወዲህ ስለ ቤት አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ስለ አየሩ አወራን። ጥሩ አየር ነው።

ግንቦት 16

የመመለሻችን ቀን። ፓስኩዋላ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ። ሦስተኛውን ልጨምር ስል እሷ ጨርሳ ነበር፣ አየር ሳምኩ።

ሻንጣ ጫንን። ሔርሜላ ቁልፉን ከተተች፣ ግን ሞተሩን አላስነሳችም። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ለአከራይዋ የጻፈችው ኢሜይል ነው።

«ይህን አሁን ሴንድ ላደርገው ነው። ከመላኬ በፊት ልጠይቅህ።»

የወንበር ቀበቶዬን አሰርኩ።

«አባዬ፣ እኔ እንደ እማዬ አይደለሁም። በሞቴ ምናምን ማለት አልችልበትም። የት ልማረው? ሰው ኖ ሲለኝ አምነዋለሁ። ያኔ ኖ ስትለኝ… አልፈለገኝም ብዬ ነው የተውኩት። አይ ቶት ዩ ዲድንት ዋንት ሚ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት እኔ ብቻ የተቀየምኩ ይመስለኝ ነበር።

«አንድ ጊዜ ነው የምጠይቅህ፣ ኦኬ? ከኔ ጋር መኖር ትፈልጋለህ?»

«ኧረ ተ…»

አውራ ጣቷን አየሁ። ስልኩ ላይ ናት፣ ልትነካው። አጭር ጣት፣ የመንበረ ጣት።

«ሲ» አልኩ።

«ዋት?»

«ሲ! ሲ ነው የምልሽ! ስፔን አይደለም እንዴ ያለነው?»

ስልኩ ከእጇ ወደቀ፣ ከወንበሩ ሥር ገባ። መሪው ላይ ተደፋች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ እንጃ… እኔ መስኮቱን ነበር የማየው። ዓይኔ ያፈሰሰው ጉንፋን ስለያዘኝ ነው። ተራራው ብርድ አለው።

ሰኔ 22፣ እሑድ፣ ሳን ሆዜ

አክሊሉ ምሳ ሊበላ ከኦክላንድ በባቡር መጣ። ቤሪየሳ ጣቢያ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩት። ክፍሌን አሳየሁት። አልጋው ላይ ተቀምጦ ፍራሹን ሞከረ። «ሆቴል ነው» አለ። ከዚያ በገዛ አፉ «እስቲ ስለዚያ መድኃኒት ከተማ ንገረኝ» አለኝ። ሁለት ሰዓት ነገርኩት። ቅጥሩን ጫፍ ድረስ ወጣሁ አልኩት። ሔርሜላ አፏን ስትከፍት በዓይኔ ገሠጽኳት።

ጾም ስለገባ ምስር ሠርታለች። አንድ ሰሃን በላሁ። «ጨምር አባዬ» አለች፣ ጨመርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ጭልፋውን ስታነሳ ሰሃኑን በመዳፌ ጋረድኩት።

«በቃኝ።»

«በሞቴ!»

«ጠግቤያለሁ ልጄ። የእውነት።»

«አፈር ስሆን!» በዚያ በእንግሊዝኛ አፏ። አፈር ሳይሆን አፌር ሆነች።

«እንዲህ ነው!» ይላል አክሊሉ፣ ጠረጴዛውን እየመታ። «አትልቀቂው!»

የእውነት ጠግቤ ነበር። እስከ ጉሮሮዬ። ግን ይህን በምን ቃል ላስረዳት? ዕድሜዬን ሙሉ አይ የምትለዋን ቃል ለእሺ ስጠቀምባት ኖሬ፣ ዛሬ ለአይ የሚሆን ቃል አጣሁ።

መዳፌን አነሳሁ። በላሁ።