የንጋት መስታወትና የቄስ መልአኩ ካባ

ገነተ ማርያም፣ ላስታ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ንጋትዬ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

የኮሪያ ብርድ እንዴት አደረገሽ? እኛ ውርጩ ቢጠናብንም ደኅና ነን፤ እኔማ ደስታው ብርዱን አስረስቶኛል። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፦ አባትሽ ስምሽን ጠራ! ያውም በማኅበር መሀል!

ሕክምናውን ትተሽ ወደ መስታወት ጥናትሽ ከዞርሽ ወዲህ፣ ስምሽ ሲነሳ ብድግ ብሎ ወደ ከብቶቹ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። የማታውቂው፣ ለአገሩ ሁሉ «ልጄ የዓይን ሐኪም ሆናለች» እያለ መክረሙን ነው። እኔም ለትዳሬ ብዬ ዝም አልኩ።

የሚካኤል ለት ማኅበሩ እኛ ቤት ነበር። ቄስ መልአኩ ከንግሡ በዚያው በከፋይ ካባቸው መጡና፣ ገና ጠላው ሳይቀዳ፣ ወደ እኔ ዞረው «ሙሉሃብት፣ ለዚህ ለሚያለቅሰው ዓይኔ ንጋት መድኃኒት ትላክልኝ» አይሉም! አባትሽ አንገቱን ደፋ። ለቄስ ደግሞ ይዋሻል? እውነቱን ዘረገፍኩት።

«አባ፣ ንጋት የምታጠናው የቴሌቪዥንና የስልክ መስታወት ነው። መስታወቱን ስስ ነገር ይቀቡትና በከፋይ ጨርቅ ወደ አንድ ወገን ያሹታል። ፈሳሽ ክሪስታል የሚሉት ነገር በላዩ ሲገባ፣ በታሸበት ወገን ተሰልፎ ይተኛል። ያኔ ብርሃኑን በሥርዓት ያሳልፋል፤ ካልታሸ ሥዕሉ ዥጉርጉር ነው።» አንቺ እንደ ነገርሽኝ፣ አንድም አላስቀረሁ። አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ለዚህ ቀን ነው የተማርኩት!

ጎረቤታችን ይማርሽ ዝም ትላለች? «ወይ ጉድ! መስታወት ለማሸት ነው ባሕር የተሻገረችው? የኔስ መስኮት ምን አነሰው?» ሰው ሁሉ በሳቅ አውካካ።

ደሜ ፈላ። ተነሣሁና የቄሱን ካባ በመዳፌ ወደ ታች ዳበስኩት፤ ፈካ። ወደ ላይ ገፋሁት፤ ጠቆረ። «ያው ካባ፣ ያው ብርሃን! ልዩነቱ ፀጉሩ የተኛበት ወገን ነው፤ የልጄም ሥራ ማስተኛት ነው!» አልኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ የበግ ጀርባ መሰልኩሽ?»

«ይፍቱኝ አባ፤ ትንሽ ብቻ ይቁሙልኝ።»

ማን ይስማቸው! ሰዉ ሊዳብስ ተጋፋ፤ ደግሰው የሚሉት ያ ቀልደኛማ ጀርባቸው ላይ በጣቱ መስቀል ሣለ። እሳቸው እንደ ቆሙ፣ «ዓይኔስ ታዲያ?» ይላሉ።

ይኼኔ አባትሽ ብድግ አለ። ወደ ከብቶቹ ሊሄድ ነው ስል፣ «አባ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ንጋት ሐኪም አይደለችም» አለ። ወደ ይማርሽ ዞረና፣ «አንቺም፣ እንደኔ ንጋት ያለ ሰው መስታወቱን ባያሸልሽ፣ ያ ስልክሽ ፊት ከማየት ሌላ አይረባሽም ነበር!» አላት። ይማርሽ ስልኳን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ቄሱም «ይፍታህ» አሉትና ጠላቸውን ጠየቁ።

እንግዶቹ እንደ ሄዱ፣ «ቀኑን ሙሉ ስታሽ ስትውል እጇን አያማትም?» አለኝ። የሚያሸው ማሽን መሆኑን ነግረሽኛል፤ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። በማግስቱ የገብስ ዋጋ ልጠይቅ ብሎ ፍላቂት ገበያ ሄደ። ይዞ የገባው ለጋ ቅቤ ነው። «እጇን ትቀባው» ብሎ ራሱ በጣሳ አሽጎ ሰጠኝ። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ልጅ ይዛልሻለች።

ማርያም በጥላዋ ትጋርድሽ፤ የነካሽው ሁሉ ይሰመርልሽ። ማሽኑን ግን አደራ እንዳታነሺበት። ደውዪና «አባዬ፣ እጄን ተሻለኝ» በይው።

እናትሽ ሙሉሃብት