ጉድጓዱን የከፈተው ሙባሪክ ነው

ለታላቅ እህቴ ለሀጀራ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም እትዬ። እንዴት ነሽ? ሙቀቱ እንዴት አደረገሽ? ወገብሽን የሚያምሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽ ዑመይርስ ሥራው እንዴት ነው? ፈቲሀ ጥርስ አወጣች ወይስ ገና በድዷ ትስቃለች? እኔ በአካል አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እናታችንም ስኳሯ ተረጋግቷል፤ ከኔ ጋር ግን ከተነጋገርን ሁለት ሳምንት አለፈን።

ያልደወልኩልሽ ፈርቼ አይደለም። በስልክ የተባለ ይካዳል፤ የተጻፈ ግን እጅሽ ላይ ይቀራል። የጎረቤታችን ልጅ ሳሌሃ ረቡዕ ወደናንተ ትበራለች፤ ደብዳቤውን ለሷ እሰጣታለሁ።

ሙባሪክ ከጦር አካዳሚ በምክትል መቶ አለቃነት ሲመረቅ ትዝ ይልሻል። አባታችን ፎቶውን በደረት ኪሱ ይዞ ቡታጅራን ሱቅ በሱቅ ዞረ። ከዚያ ሙባሪክ ሰሜን ዘመተ። እግሩን ተመትቶ በቦርድ ሲሰናበት ሻምበል ነበር፤ አባታችን ግን አፈር ከለበሰ ቆይቶ ነበር። እስከዚያ ድረስ የአባታችንን የቆጮ ንግድ እንሰት ከሚፍቁልን ሴቶች ጋር ያቆየሁት እኔ ነኝ። በምግብ ሳይንስ የተመረቅኩትም ለዚሁ ነበር። ቢሆንም ወንድሜ እያነከሰ ግቢ ሲገባ ቁልፉን በገዛ እጄ ሰጠሁት። ማንም አላስገደደኝም።

ሐቁን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሠራ። በየጠዋቱ ፊሽካ ነፍቶ የሴቶቹን ስም ይጠራ ነበር። አሚኔ፣ ሃያ ዓመት እንሰት የፋቀችው፣ ስሟ ሲጠራ «አለሁ ሻምበል፤ ጠመንጃዬን ግን ቤት ረስቼዋለሁ» ብላ ግቢውን አሳቀችው። እሱም ሳቀ። መኪናው በሰዓቱ ይወጣ ጀመር፤ የአዲስ አበባ ደንበኞችም አመሰገኑን። ስለ ጦርነቱ የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ኮረብታ ላይ «ጠብቁ» ተብለው ሦስት ቀን ጠበቁ፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ሰው እዚያው ቀረ። «ናጁ፣ ሰው የሚገድለው መጠበቅ ነው» አለኝ። አዘንኩለት። ስለዚያ ኮረብታ ዛሬም አዝንለታለሁ።

ዐረፋ ሲደርስ፣ እንደምታውቂው ሰው ሁሉ አገሩ ይገባልና ቆጮ እንደ ጉድ ተፈለገ። ሙባሪክ ካለን በላይ ቃል ገባ። የቀረን ቆጮ የሚብላላበት አንድ ጉድጓድ ነበር፤ እሱም አልደረሰም። አሚኔ ከጠርዙ ቆንጥራ አሸተተችና ጥሬ ነው፣ አንድ ወር ይተው አለችው። እኔም ለመንኩት። ትእዛዝ ነው አለን። ሴቶቹ አንከፍትም ሲሉት፣ በዝናብ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገባና ጉድጓዱ የተሸፈነበትን ቅጠል በገዛ እጁ ገለበጠው። በኛ አገር ወንድ እንሰት ወደሚፋቅበት እንኳ እንደማይጠጋ አንቺ ታውቂያለሽ። ጉድጓዱ ክፍቱን አድሮ ጎርፍ ገባበት። በሦስተኛው ቀን ሽታው ተለወጠ። ይህ ለሰው አይሰጥም ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ክንዴን ይዞ ገለል አደረገኝና አስጫነው።

ከዚያው ቆጮ አንድ ጥቅል ለበዓል ብሎ ለአባባ ጀማሉ ላከላቸው። የአባታችን ወዳጅ፣ ልጅ ሳለን ሸንኮራ የሚሰብሩልን እሳቸው። የበላው ቤተሰብ በሙሉ ታመመ፤ ሌሎቹ ተረፉ፣ እሳቸው ግን በአራተኛው ቀን ሞቱ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የሟች ልጅ ሙስተፋ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጉድጓዱን ማን ከፈተው?» ሽማግሌዎቹ ሙባሪክን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም፤ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ወንድ የቆጮ ጉድጓድ ከፈተ ቢባል ማን ያምናል? እኔ ወንድሜን አየሁት። እሷ ናት አላለም። ዓይኑን ምርኩዙ ላይ ተክሎ ዝም አለ። ቢዋሽ ይሻለኝ ነበር።

አልከፈትኩም አልኩ። አሚኔ መሰከረችልኝ፤ የቤቱ ሠራተኛ ናት ብለው ቃሏን አለፉት። የተማርሽ ነሽ፣ አንድ ጊዜ «አጥፍቻለሁ» በዪና እርቅ ይውረድ አሉኝ። እምቢ አልኳቸው። ቤት ስንገባ እናታችን ጉልበቴን ያዘች። «አንቺ ነገ ባል ቤት ትገቢያለሽ። እሱ የዚህ ቤት ምሰሶ ነው። ተሸከሚልኝ» አለችኝ። እንሰት ልሸከምልሽ እችላለሁ፣ ሬሳ ግን አልሸከምም አልኳት። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። እኔም ልብሴን ይዤ ጉብሬ መጣሁ፤ አብራኝ የተማረችው ጓደኛዬ ሕይወት አስጠግታኛለች።

ሙባሪክ አንድ ቀን በባጃጅ መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ ግባ ብለውም አልገባም። «ብናገር ሰው ምን ይለኛል? የሴት ጉድጓድ የገባ ሻምበል ይለኛል» አለኝ። እትዬ፣ የሰውየው ሞት አይደለም ያሳፈረው፤ ጉድጓዱ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሐምሌ አራት፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንደገና ይቀመጣሉ። የበኩር ልጅ ነሽና ቃልሽን በስልክ ይጠይቁሻል። እናታችን ከወዲሁ «ሀጀራ ከኔ ጋር ናት» ብላቸዋለች። ሙባሪክን እንደምትወጂው አውቃለሁ፤ እኔም ጠልቼው አይደለም። የጻፍኩልሽ ስትጠየቂ «አላውቅም» እንዳትዪ ነው። አሁን አውቀሻል።

አንቺ ብትናገሪም ባትናገሪም እኔ እገኛለሁ። የሙስተፋን ዓይን እያየሁ፣ ጉድጓዱን የከፈተው ወንድሜ ነው፣ እኔ ደግሞ በር ላይ ቆሜ ማስቆም ያቃተኝ ነኝ፣ ጮሄ ጎረቤት መጥራት ስችል ያልጠራሁ ነኝ እለዋለሁ። የኔ ድርሻ ይህ ነው። በዚህ ላይ አንድ ቃል አልጨምርም፤ ለእናቴም ቢሆን።

ዑመይርን ሰላም በዪልኝ፤ ደብዳቤውን ያንብበው፣ አልደብቀውም። ፈቲሀን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አብረውሽ የሚኖሩትን አማትሽንም «ዱዓ አድርጉልኝ ብላለች» በያቸው። ከዚህ አሚኔና ሕይወት ሰላም ብለውሻል። የእናታችንን ሰላምታ ግን ልጽፍልሽ አልችልም፤ አልነገረችኝም።

እህትሽ ናጃህ
ጉብሬ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.