ራዲያተሩን ስለሸፈነው ፈገግታዎ

ለተከበሩ የአውቶቡስ ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደምን ከርሟል እያልኩ፣ ቢሮዎ የቀዘቀዘ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ ከጋራዡ ጀርባ ባለው የድርጅቱ ቤት የምንኖረው ደህና ነን። ደህና ያልሆነው አባቴ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ሲጠይቁት ደህና ነኝ ነው የሚለው።

እኔን አያውቁኝም። ከእናቴ ጋር የአውቶቡሶቹን ወለል የማጥበው ልጅ ነኝ። በጉብኝት ቀን ስሜን ጠይቀውኝ ጫማዎን እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔ አጠገብዎ ለነበሩት ሰዎች ይቺ ልጅ ዲዳ ናት እንዴ ብለው ስቀዋል። አልተቀየምኩም። እንዲያውም ሰዎች ዲዳ ናት ብለው ካሰቡ በኋላ እኔ ፊት ብዙ ነገር ስለሚያወሩ፣ ያለ እርስዎ ቸርነት የማላውቀውን ብዙ ነገር ሰምቻለሁ።

ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ ለክቡርነትዎ የሚመጥን አጻጻፍ የለኝም። የማውቀው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከሚለጠፉት ማሳሰቢያዎችዎ የተማርኩትን ነው። እርስዎ ለሁሉም ነገር ቁጥር ስለሚሰጡ እኔም ቁጥር ሰጥቻለሁ።

ጉዳዩ የአባቴ ነው። የዳገቱ መስመር ሹፌር ነበር። ሞተር በቸልተኝነት አቃጥሏል ተብሎ ከመሪው ታግዷል፤ ይባረር ወይስ ይመለስ የሚለውን ኮሚቴው በዚህ ሳምንት ይወስናል። ይህን በቃሌ ልነግርዎ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ተቀመጪ አሉኝ፣ ተቀመጥኩ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። በሩን ሊቆልፉ ሲነሡ ምን ፈልጌ እንደነበር ጠየቁኝ፣ እኔም ምንም አልኩ። ያ «ምንም» ያልኩት ነገር የሚከተለው ነው።

፩ኛ፣ ስለ ፈገግታዎ አመሰግናለሁ። ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊጎበኙን በመጡ ጊዜ በየአውቶቡሱ ግንባር እንዲታሰር ያዘዙት የላሜራ ሰሌዳ፣ «ምቾትዎ ክብራችን ነው» የሚለው ጽሑፍና ከጽሑፉ በላይ ያለው ፈገግ ያለ ፎቶዎ፣ እውነትም ያምራሉ። እናቴ ጥርስዎን በሳሙና ስታጥብ መስታወት ከምታጥበው ይልቅ ትጠነቀቃለች። ችግሩ ትንሽ ነው። ሰሌዳው የታሰረው ልክ ራዲያተሩ ፊት ነው።

ክቡርነትዎ የሚያውቁትን ነገር መድገሜን ይቅር ይበሉኝና፣ ሞተር ሲሠራ ይግላል። ውኃው በሞተሩ ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ይለቅምና ወደ ፊት፣ ወደ ራዲያተሩ ይመጣል፤ እዚያ ነፋስ ያገኘውና ቀዝቅዞ ይመለሳል። የአውቶቡስ ፊት እንደ ወንፊት ክፍት የሆነው ለዚህ ነው። ይህን አባቴ የነገረኝ ገና ሕፃን ሳለሁ፣ አውቶቡሱ ለምን ጥርስ እንዳለው ስጠይቀው ነው። አሁን የእርስዎ ጥርስ የአውቶቡሱን ጥርስ ሸፈነው፤ ነፋሱም እርስዎን አክብሮ በጎን አለፈ።

እንግዶቹ ሄዱ። ሰሌዳው ቀረ። ይታሰር ያለ ትእዛዝ እንጂ ይፈታ ያለ ትእዛዝ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ዳገት የሚወጡ አውቶቡሶች ሁሉ መፍላት ጀመሩ። ከፎቶዎ ግራና ቀኝ፣ በጆሮዎ ትክክል፣ ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ሲል ሹፌሮቹ እርስ በርሳቸው «ዛሬም ተቆጡ» ይባባሉ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን ሥቄአለሁ።

ሰሌዳውን ለማንሣት አንድ ቁልፍ ይዞ ጥቂት ብሎን መፍታት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ጋራዡ ውስጥ ያ ቁልፍ የሌለው ሰው የለም። ኪሱ ሁሉ ብሎን ስለሆነ አያ ብሎን የምንለው ሽማግሌ መካኒክ፣ አባቴ ሊያማክረው በሄደ ጊዜ፣ ከአውቶቡሱ ሥር ሳይወጣ እንዲህ አለው፦ «ታርጋውን ብትነቅል ይሻልሃል። ታርጋ ቁጥር ነው፤ ይኼ ፊት ነው።» እሱ ብልህ ሰው ነው፤ ጡረታው ደርሷል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላልና፣ ሁላችንም ምን ያህል እንደምናከብርዎ በዚህ ይወቁልን። አንድም ሰው አልነካዎትም።

፪ኛ፣ ሙቀቱን ለማስቀረት ስለወሰዷቸው ፈጣን እርምጃዎች አመሰግናለሁ። ለሁሉም አውቶቡሶች አዲስ የራዲያተር ክዳን አስገዝተዋል። ሹፌሮች ጠዋት ጠዋት ውኃ እንዲያዩ አሳስበዋል፤ ድሮም ያያሉ። ውኃው ቶሎ እንዳይፈላና ራዲያተሩ እንዳይዝግ የሚረዳውን ቀዩን ኩላንትም አስመጥተዋል፤ እሱ ውድ ስለሆነ እንዳይባክን መጋዘን ተቆልፎበት፣ በጥሩ ሁኔታ ቀዝቅዞ ተቀምጧል። ሥልጠናም ሰጥተዋል። የሥልጠናው ዕለት የመጡት ባለሙያ የቆመ አውቶቡስ ዞረው አይተው፣ ሰሌዳውን ሲያዩ ቆም አሉ። ከዚያ ፎቶውን አዩ። ከዚያ እርስዎን አዩ። ከዚያ የሞተሩን ማራገቢያ ስለሚያዞረው ቀበቶ፣ ስለ ቺንጋ መላላት ረጅም ገለጻ ሰጡ። እኔ ከባልዲዎቹ ጀርባ ሆኜ ሰውየው አንድ ቃል እንዲናገሩ በልቤ እየለመንኩ ነበር። የተማረ ሰው ስለሆኑ አልተናገሩም።

የእርስዎ የራስዎ መኪና ግን በጥላ ሥር ቆማ ሹፌርዎ በየጠዋቱ ራዲያተሯን በጎማ ቱቦ ከአቧራ ሲያጥቡላት አያለሁ። ፊቷም ክፍት ነው። ምናልባት ፎቶ ስላለቀ ይሆናል።

፫ኛ፣ ስለ ተሳፋሪዎች ምቾት። አባቴ ሌላ መላ ሲያጣ የብርድ ጊዜውን ማሞቂያ እየከፈተ ይነዳ ጀመር። ይህ የሹፌሮች ዘዴ ነው፤ ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት ቀንሶ ወደ ተሳፋሪው ይልከዋል። ሞተሩ ሲተርፍ ሰው ይቀቀላል። በጠራራ ፀሐይ ያችን ዳገት ስንወጣ አንዲት ሕፃን ያቀፉ ሴት ልታበስለን ነው ወይ አሉት። ሌላው ደግሞ ውጭ የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበለት። አባቴ ይቅርታ፣ ይቅርታ እያለ ላቡን በእጅጌው ይጠርግ ነበር። ፊት ለፊት ለሚመጣው ሁሉ ግን እርስዎ ፈገግ እንዳሉ ነበር።

፬ኛ፣ ይህን ልጽፍ እጄ እምቢ ስላለኝ ቀኑን ሙሉ አዘግይቼዋለሁ።

የዚያን ዕለት የማጠቢያ ሳሙና ልገዛ ከአባቴ ኋላ ተቀምጬ እሄድ ነበር። ዳገቱ መሐል የሙቀቱ ጠቋሚ ቀዩ ውስጥ ገባ። አባቴ ዳር ይዞ አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ሰዎቹን አስወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ። ከዚህ በኋላ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠበቅ። የጋለ ራዲያተር አይከፈትም። በጋለ ሞተርም ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አይፈስም። ይህን ወለል የማጥበው እኔም አውቃለሁ።

ቆሞ ሲጠብቅ ከመሣሪያው ሣጥን ቁልፍ አወጣ። ወዲያና ወዲህ አየ። ከሰሌዳው ሁለት ብሎን ፈታ፤ ሰሌዳው ወደ ፊት ዘመም አለና ነፋስ ገባ። በአባቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ወዲያው ከታች የሞተር ሳይክል ድምፅ መጣ፤ የመስመር ተቆጣጣሪው ነበሩ። አባቴ ሁለቱንም ብሎኖች መልሶ አሠረ። በጥድፊያው አንዱን ሁለት ጊዜ ጣለው፤ አንሥቼ ሰጠሁት።

ተቆጣጣሪው በመንገድ ላይ የቆመ አውቶቡስ የድርጅቱን ስም ያጎድፋል በሚለው ማሳሰቢያዎ መሠረት ቶሎ ውኃ ጨምሮ እንዲነሣ አዘዙት። አባቴ ትንሽ ይብረድ ብሎ ለመናቸው። «አንተ እስክትበርድ መስመሩ ይቁም?» አሉት። ተሳፋሪው እየሰማ ነበር። አባቴ ኮቱን አውልቆ እጁ ላይ ጠቀለለና ክዳኑን ከፈተ።

የፈላው ውኃ ቡልቅ ሲል ፊቱን ማዞር ችሏል። ቀኝ ክንዱ ግን እስከ ክርኑ ድረስ ተላጠ። መሬት ላይ ቁጭ ሲል ድምፅ አላወጣም፤ እኔም አላወጣሁም፤ ዲዳነት በዘር የሚተላለፍ ይመስለኛል። ከዚያ ተቆጣጣሪው ይዤ የቆምኩትን የውኃ ጀሪካን ከእጄ ተቀብለው ቀዝቃዛውን ውኃ በፈላው ላይ ገለበጡት። ከውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፣ ብርጭቆ ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው ያለ። ጀሪካኑን ባዶውን መልሰው «ያዢ» አሉኝ። ያዝኩ። አያ ብሎን በኋላ ሲፈታው የሞተሩ ራስ፣ ቴስታው፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር።

፭ኛ፣ ስለ ተቆጣጣሪው ሪፖርት አጻጻፍ አድናቆቴን እገልጻለሁ። ሹፌሩ በቸልተኝነት በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በመጨመሩ ይላል። ክንዱን አቅፎ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ጀሪካን እንዴት እንዳነሣ አይገልጽም፤ ወረቀቱ አልበቃ ብሎ ይሆናል። ስለ ሰሌዳውም አንድ ቃል የለበትም። ተሳፋሪዎቹ ተበታትነዋል። የቀረሁት ምስክር እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ እንደሚያውቁት ሰው ፊት አፌ አይከፈትም።

አባቴ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ እንዲፈርም ተጠይቋል። ከፈረመ ኮሚቴው እንደሚራራለት በሰው ተልኮለታል። ካልፈረመ ሥራውም ይሄዳል፣ የድርጅቱ ነውና ቤቱም ይሄዳል። እናቴ ዕቃ መጠቅለል ጀምራ ትተወዋለች፣ ደግሞ ትጀምራለች። እኔ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ልናገር ብዬ ለአባቴ ነገርኩት። «ልጄ፣ ተይው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለኝ። አባቴ ሌላ ጊዜ በተረት አይናገርም። በተረት የሚናገረው የራሱ ቃል ሲያልቅበት ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ተቆጣጣሪው ይቀጡ አልልም፤ የፈሩትን ፈርተው ነው። ሰሌዳውም ይነሣ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ከየትኛውም የዳገት አውቶቡስ ፊት ቆመው፣ ሞተሩ እንደጋለ፣ እጅዎን በፎቶዎና በራዲያተሩ መካከል እንዲያስገቡልኝ ነው። ብዙ እንዳያቆዩት። ከዚያ አባቴ ቸልተኛ ነው ካሉ ቸልተኛ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምለጥፈው ማሳሰቢያዎችዎ በሚለጠፉበት ሰሌዳ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ያነበዋል፤ አንብቤአለሁ የሚል ግን አይኖርም። እርስዎም ጊዜ ስለሌለዎት ላያነቡት ይችላሉ። እኔም ብሆን ምን እንደሚለወጥ ሳላውቅ ነው የጻፍኩት።

ክብርዎ ይስፋ፣ ወንበርዎ ይጽና፣ በሄዱበት መንገድ ሁሉ ነፋስ ፊትዎን እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከበቂ ርቀት እጅ የምነሣ፣

የእጥበት ክፍሏ ልጅ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ሳልለጥፈው ውሳኔው ተለጠፈ። አባቴ ከኮሚቴው በፊት ማልዶ ሄዶ ፈርሞ ኖሯል፤ ለእኛ የነገረን ከመጣ በኋላ ነው። ስለ ርኅራኄዎ እናመሰግናለን፤ መሪ ዳግመኛ እንዳይዝ ተደርጎ የዋናው በር ጥበቃ ሆኖ ተመድቧል። ቤቱ ውስጥ እንቆያለን። ከሰኞ ጀምሮ መኪናዎ ሲገባና ሲወጣ ብረቱን አንሥቶ ሰላምታ የሚሰጥዎ እሱ ነው። ቀኝ ክንዱ ገና ስላልዳነ በግራ እጁ ይሆናል። ንቀት እንዳይመስልዎ፣ አደራ።